ስልኬን ቁጠሩት፣ እኔን ግን አትከተሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከለንደን ነው። ብሪክስተን በሚባለው ሰፈር መኖር ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የቢሮ ጽዳት ነው። ጋዜጣችሁን በስልኬ ነው የማነበው፣ ብዙውን ጊዜ ባቡር ውስጥ ሆኜ። ባለፈው ሰሞን ስለ አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ አንባቢ የሰዉ እንቅስቃሴ በሞባይል ቢጠና ኖሮ አውቶቡስ የትና በስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ በቀላሉ ይታወቅ ነበር ብሎ ጽፏል። ልክ ነው። ግን ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ነው ያየው። እኔ የምኖርበት ከተማ ይህንን ሠርቶበታል፣ እኔም በየቀኑ ከሚቆጠሩት አንዷ ነኝ፣ በዚያ ላይ አንድ ጊዜ የገዛ ስልኬ ምስክር ሆኖብኝ ደመወዜ ተቆርጧል። ሌላውንም ወገን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ማለዳ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ብሪክስተን የምድር ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመናል። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነው የምላቸው። ግድግዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እትዬ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበርና “አንቺ፣ ምን ይላል ይሄ?” አሉኝ። አነበብኩላቸው። በዚህ ጣቢያ ዋይፋያቸው የበራ ስልኮችን መረጃ እንሰበስባለን፣ አገልግሎታችንን ለማሻሻል ነው፣ ካልፈለጋችሁ ዋይፋያችሁን አጥፉ ነው የሚለው። እትዬ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝና “አጥፊልኝ” አሉ። አጠፋሁላቸው። የእኔን ተውኩት። ባቡሩ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ግን “ስማችንን ያውቁታል ማለት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋይፋዩ የበራ ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ማንም ሳይነካው፣ የማውቀው ዋይፋይ እዚህ አለ ወይ እያለ ይጣራል። አዲሶቹ ስልኮች የቀየሩት ነገር አለ፣ ኋላ እመጣበታለሁ፣ የድሮው ስልክ ግን ሲጣራ መለያ ቁጥሩን ይናገራል። ማክ አድራሻ ይሉታል። አሥራ ሁለት ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ነው፣ ለእያንዳንዱ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ ይሰጠዋል። ጣቢያው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን ይሰማዋል፣ ሰዓቱንም ይይዛል። ከዚያ ደረጃው ሥር ያለው ሳጥን ይሰማል፣ ከዚያ ባቡር መጠበቂያው ላይ ያለው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣቢያ ያለው። እነዚህን ነጥቦች በክር ብታያይዟቸው የስልኩ ባለቤት የሄደበት መንገድ ቁጭ ይላል።

ለምን ፈለጉት? የኔን መንገድ ልንገራችሁ። የምሠራው ባንክ የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ነው። ከብሪክስተን ተነስቼ ስቶክዌል ላይ ወርጄ በኖርዘርን መስመር ባንክ መግባት እችላለሁ። ወይም ቪክቶሪያ ላይ ቀይሬ ሞኑመንት እወርድና ውስጥ ለውስጥ ወደ ባንክ እሻገራለሁ። ወይም እስከ ኦክስፎርድ ሰርከስ ሄጄ በሴንትራል መስመር እመጣለሁ። ካርዴን የማስነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ስገባና ስወጣ። ስለዚህ ካርዱ የሚያውቀው ብሪክስተን መግባቴንና ባንክ መውጣቴን ነው። መሐሉ ላይ የትኛውን ባቡር እንዳጨናነቅሁ ማንም አያውቅም። ድሮ ይህንን ለማወቅ ወረቀት ለተሳፋሪ እያደሉ ነበር የሚጠይቁት። ቸኩሎ የሚሮጥ ሰው ወረቀት ይሞላል? እኔ በበኩሌ አንድም ቀን ሞልቼ አላውቅም።

ስለዚህ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 21 እስከ ዲሴምበር 19 ቀን 2016 ድረስ ሙከራ አደረገ። ጣቢያዎቹ 54 ነበሩ። በእነዚያ አራት ሳምንታት ከ5.6 ሚሊዮን ስልክና መሰል ዕቃ 509 ሚሊዮን መዝገብ ሰበሰቡ፣ 42 ሚሊዮን ጉዞም ከዚያ ወጣ። ያገኙት ነገር እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ዋተርሉ የሚሄደው ሰው ቢያንስ 18 የተለያየ መንገድ ይጠቀማል! 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ በብዛት ከሚመረጡት ከሁለቱ መንገዶች በአንዱም አይሄድም። ካርታ ላይ ተቀምጦ መስመር የሚያሰምር ሰው ይህንን ከየት ያመጣዋል? ከዚያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2019 ዋይፋይ ባላቸው ከ260 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች ሁሉ ሥራው በቋሚነት ተጀመረ። እኔና እትዬ ያነበብነው ማስታወቂያ የዚያ ነው።

እኔ ይህንን ሥራ አልቃወምም፣ ይህን ከወዲሁ ማለት እፈልጋለሁ። ኦክስፎርድ ሰርከስ ጣቢያ ሰው በዝቶበት በሩ ሲዘጋ፣ ዝናብ እየወረደብኝ መንገድ ላይ ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ ከአንዴም ሁለቴ። የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደሚታፈን፣ አንድ መስመር ሲበላሽ ሰዉ ወዴት እንደሚፈስ ማወቅ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጥቅም አለው። ጥያቄዬ ቆጠራው ላይ አይደለም። ጥያቄዬ ከተቆጠረ በኋላ በሚቀረው ክር፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ በሄደበት መንገድ መዝገብ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ስም አንይዝም፣ መለያ ቁጥሩንም ለውጠን ነው የምናስቀምጠው ይላል። እውነት ነው፣ ይለውጡታል። አለዋወጡን እንደ ቡና ውቅጥ አስቡት። ቡና አንዴ ከተወቀጠ ተመልሶ ፍሬ አይሆንም። መለያ ቁጥሩም በሒሳብ ቀመር ተወቅጦ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ግን አንድ ብልሃት አለ። በዓለም ላይ ያለው የፍሬ ዓይነት የተወሰነ ከሆነና ሁሉንም ካወቅሁት፣ አንድ በአንድ እየወቀጥኩ ከእናንተ ዱቄት ጋር ማስተያየት እችላለሁ። አንዱ ሲገጥም ፍሬውን አገኘሁት ማለት ነው። የማክ አድራሻ እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ የአምራቹ መለያ ነው፣ የቀረውን ኮምፒውተር ሳይደክመው እየሞከረ ይደርስበታል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ከመውቀጣቸው በፊት ሚስጥራዊ ቁጥር የሚጨምሩበት። ይህንን ቁጥር ጨው ነው የሚሉት፣ ስሙን ያወጡት እነሱ ናቸው። ጨው ከገባበት በኋላ ጨዉን የማያውቅ ሰው ማስተያየት አይችልም። በ2016ቱ ሙከራ ላይ ጨዉን ማንም ሠራተኛ እንዳያውቀው አድርገው ነው የሠሩት፣ ይህንን አደንቃለሁ። እንግዲህ የመረጃው ምስጢር የተንጠለጠለው በዚህ ጨው ላይ ነው። ማን ጋ እንዳለ፣ መቼ እንደሚጣል፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ተሳፋሪው ካላወቀ “ስም አንይዝም” የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያደርግልኛል?

ስም ባይኖርስ? የኔን ሳምንት ተመልከቱት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመጀመሪያው ባቡር ከብሪክስተን እነሳለሁ። በዚያ ሰዓት ጣቢያው ውስጥ ስንት ሰው አለ? የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ እንደኔ ጽዳት። ፊት ለፊት እንተዋወቃለን፣ የማን ጃኬት ምን ዓይነት እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ። ረፋዱ ላይ ወደ ሁለተኛው ሥራዬ እሄዳለሁ። እሑድ ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። በወር አንድ ጊዜ ለስኳሬ ክትትል ክሊኒክ እሄዳለሁ። ስሜን አውጡት፣ ይህንን ክር ብቻ ለሚያውቀኝ ሰው ስጡት። ሳምንቱን ሳይጨርስ እኔ መሆኔን ይነግራችኋል። ሃይማኖቴንም፣ ሕመሜንም፣ ሁለት ሥራ መሥራቴንም በአንድ ላይ ነው የሚያገኘው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የአሥራ አምስት ወር የሞባይል መረጃ ወሰዱ። የዋይፋይ ሳይሆን የኔትወርክ ምሰሶ መረጃ ነው፣ ማለትም ስልኩ በስንት ሰዓት በየትኛው ምሰሶ ሥር እንደነበር የሚናገር። ስም የለውም፣ ስልክ ቁጥር የለውም። ያገኙት ምንድን ነው? ከ100 ሰው 95ቱን ከሌላው ሕዝብ ነጥሎ ለማውጣት አራት ነጥብ ይበቃል። አራት ቦታና አራት ሰዓት! እኔ ከላይ የነገርኳችሁን ቁጠሩት፣ አራት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ የጽዳት ድርጅት ነበር። ስሙን አልናገርም። ሥራ የምጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ ጠራችኝና ወረቀት ዘረጋችልኝ። በቢጫ የተቀለመ ሦስት መስመር አለው። ሦስት ቀን ሥራ የገባሽው አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ነው አለችኝ። ሁለት ሰዓት ተቆርጦብኛል። እኔ በሕይወቴ አርፍጄ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ደንግጬ ምላሴ ተሳሰረ። መግቢያው ላይ ያለው መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ፣ ሰዓቱን በእጄ ነው የምጽፈው። መዝገቡን እዩት አልኳት። መዝገቡን ሰው ነው የሚጽፈው፣ ይሄ ግን ከኮምፒውተር የወጣ ነው አለችኝ። ኮምፒውተሩ ያለው ምንድን ነው? ስልኬ የሕንፃውን ዋይፋይ ያገኘበትን ሰዓት ነው።

ነገሩ የገባኝ ማታ ቤት ሄጄ ነው። የዚያን ጊዜ ስልኬ አሮጌ ነበር፣ ባትሪው አይዝም። ሌሊት ቻርጅ አድርጌው ጠዋት መንገድ ላይ ይዘጋል። ሕንፃው ውስጥ ስደርስ የጽዳት ዕቃ የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ እሰካውና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ ነፍስ እስኪዘራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስልኬ አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ሲነቃ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መጸዳጃ ቤት ጨርሻለሁ። ይህንን ባስረዳም የሰማኝ አልነበረም። ያዳነኝ በሩን የሚከፍትልኝ ጥበቃ ነው። ጋናዊ ነው፣ ጨዋ ሰው። ሄዶ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ ብሎ ተናገረልኝ። ገንዘቤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ይቅርታ ግን አልተባልኩም።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ዋይፋይ የተዘረጋው ቢሮው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ነበር። እኛም የይለፍ ቃሉ ሲሰጠን ደስ ብሎን ነው የገባነው፣ በዕረፍት ሰዓት አገር ቤት እንደውልበት ነበር። ሰዓት መቆጣጠሪያ መሆኑን ማንም አልነገረንም። እንዲያው ሲታይ ጣቢያው ይሻላል፣ ቢያንስ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ለአንድ ነገር የተሰበሰበ መረጃ ቀስ ብሎ ለሌላ ነገር ይውላል፣ ያውም ባለቤቱ ሳያውቅ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ጨው፣ ቀመር ምናምን የሚባለው ሁሉ ከዚህ አያድነኝም፣ ምክንያቱም ሚስጥሩን የያዘው ሰው ራሱ ነው ሐሳቡን የሚቀይረው።

የለንደኑ መሥሪያ ቤትም ቢሆን ከሙከራው በኋላ መረጃው ማስታወቂያ የሚሰቀልባቸውን ቦታዎች ዋጋ ለማሳየትና ገቢ ለመጨመር ሊረዳ እንደሚችል ተናግሯል። የአንድ ሰው መረጃ ይሸጣል አላሉም፣ ስንት ሰው በየትኛው ግድግዳ ፊት እንደሚያልፍ ነው። ቢሆንም መጨናነቅን ለመቀነስ ብሎ የጀመረ ነገር በዓመት ውስጥ ስለ ማስታወቂያ ማውራት ጀመረ። መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ በፊትም የሆነ አለ። በለንደን የንግድ መንደር ውስጥ ለ2012ቱ ኦሊምፒክ ተብለው የተተከሉ፣ ስክሪን ያላቸው አንድ መቶ ገደማ የቆሻሻ መጣያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሥራ ሁለቱ ውስጥ የሚያልፈውን ሰው ስልክ የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጠመ። ሐሳቡ ለማስታወቂያ ነበር፣ ይህ ስልክ በስንት ሰዓት ያልፋል፣ ተመልሶ መጣ ወይ የሚለውን ለማወቅ። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሰዉ ተቆጣ፣ የአካባቢው አስተዳደርም በዚያው ኦገስት ወር እንዲቆም አደረገ። የሙዝ ልጣጭ የሚጥልበት ዕቃ የስልኩን መለያ እየያዘ መሆኑን ማን ይጠረጥራል? ማስታወቂያ አልነበረም፣ የጠየቀም አልነበረም። ጋዜጣ ባይኖር ኖሮ እስከዛሬ ይሠራ ነበር ብዬ ነው የማምነው፣ ለእናንተ መጻፌም አንድም ለዚህ ነው።

ኔዘርላንድ ውስጥም ኤንስኬዴ የምትባል ከተማ አለች። መሐል ገበያዋ ላይ የስንት ሰው እግር እንደሚረግጥ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2017 በዋይፋይ መቁጠር ጀመረች። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። የአገሪቱ የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ግን በ2021 የ600 ሺህ ዩሮ ቅጣት ጣለባት። ከተማዋ ቅጣቱን ተቃውማለች። እኔ የወደድኩት ጠባቂው ያነሳውን ነጥብ ነው። ሰው መከተል አስባችሁ ነበር አላላቸውም። ግን መዝገባችሁ እዚያ የሚኖረውንና የሚሠራውን ሰው በየቀኑ ለመከተል ያስችላል፣ መቁጠር ብቻ ከፈለጋችሁ ይህ አያስፈልጋችሁም ነበር ነው ያለው።

ሌላው ሰዉ የሚረሳው፣ ስልክ ሰው አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በርሊን ውስጥ አንድ አርቲስት 99 አሮጌ ስልክ በእጅ ጋሪ ጭኖ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ጎተተ። ጉግል ካርታ ላይ መንገዱ ቀይ ሆነ፣ መኪና ተጨናንቋል ብሎ። መኪና የለም፣ አንድ ሰውና አንድ ጋሪ ነው ያለው። የእኔ ስልክ ሲተኛ እኔ ሥራ ላይ እንደሌለሁ ከተቆጠረው ጋር አንድ ነው። ስልክ አምራቾቹም ነገሩን ቀያይረውታል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አይፎን ዋይፋይ ፍለጋ ሲጣራ እውነተኛ መለያውን ሳይሆን እየተቀያየረ የሚሄድ የውሸት መለያ እንዲናገር አደረገ፣ አንድሮይድም በኋላ ተከተለ። ለዚህ ነው በ2016ቱ ሙከራ ላይ የጣቢያውን ዋይፋይ ተመዝግበው የተጠቀሙት ስልኮች ብቻ የተያዙት። ነፃ ዋይፋዩን የማይጠቀም ሰው ከመዝገቡ ውጪ ነው።

ይህንን ወደ አገር ቤት አምጡት። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቼ እናቴ ጋ ነበርኩ፣ ኮተቤ። ጠዋት አብሬያት መገናኛ ድረስ ሄድኩ። ሰልፉ ተጠማዝዞ መጨረሻው አይታይም። እናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው፣ ክር አድርጋበት አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም። ወንድሜ ደግሞ ሁለት ስልክ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ ሳፋሪኮም። እንግዲህ አስቡት። በዋይፋይ ከተቆጠረ እናቴ ሰልፍ ላይ የለችም። በኔትወርክ ምሰሶ ከተቆጠረ ወንድሜ ሁለት ሰው ነው። ሂሳቡን የሚሠራው ሰው ይህንን ካላስተካከለ አውቶቡሱ የሚመደበው ጥሩ ስልክ ወዳለበት ሰፈር ነው። ጎህ ሳይቀድ በጨለማ ተነስታ ወደ አትክልት ተራ የምትሄደው ሴትዮ፣ ስልኳን ባትሪ እንዳይጨርስ አጥፍታ የምትይዘው፣ መዝገቡ ላይ አትኖርም።

የመገናኛው ተራ አስከባሪ ግን ያውቃታል። እዚያ ቆሜ አንዱን ልጅ አናገርኩት። የየትኛው መስመር ሰልፍ በስንት ሰዓት እንደሚረዝም፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምን እንደሚቀየር፣ የጾም ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ መቼ እንደሚመጣ በቃሉ ነው የሚነግራችሁ። የስልክ መረጃ ቢመጣ ከእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጋር እየተመሳከረ ይሁን እላለሁ። እሱን አስወጥቶ አይሁን።

በአገራችን አሁን ሕግ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፣ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚለው ነገር አዋጁ ውስጥ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው ከወረቀቱ ወደ መገናኛ ሰልፍ መውረዱ ነው። ነፃ ዋይፋይ የሚዘረጋ ማንም አካል ስልክ የሚመዘግብ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ፣ በአማርኛም በሌላውም ቋንቋችን፣ እናቴ መነጽር ሳታደርግ በምታነበው ፊደል ይለጥፍ። የእያንዳንዱን ስልክ ክር ቀን ከቀን አይያዝ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ይህን ያህል ሰው ነበር የሚለው ድምር ወጥቶ ክሩ በዚያው ቀን ይጣል። ሰልፍ ለማሳጠር ከድምሩ በላይ ምን ያስፈልጋል? ሰው ጥቂት በሆነበት ሰዓትና ቦታ ደግሞ ድምሩም ቢሆን አይታተም። አምስት ሰው ብቻ ባለበት ጣቢያ አምስት ብሎ መጻፍ ማንነትን እንደመናገር ነው፣ እኔ የማለዳ ባቡር ተሳፋሪ ስለሆንኩ ይህ ይገባኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቆጠራ የተሰበሰበ ነገር በማንም ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ በግልጽ ይከልከል። አሠሪም፣ አከራይም፣ ሌላም አካል ቢጠይቅ ይህ የቆጠራ መዝገብ ነው፣ ስለ ሰው አይመሰክርም ይባል። ያኔ እኔ ራሴ ለእትዬ ዋይፋያቸውን አብርቼ እሰጣቸዋለሁ።

እናንተ ደግሞ ጋዜጠኞች ናችሁ። ለከተማው የትራንስፖርት ቢሮም፣ ለባለሥልጣኑም፣ ለቴሌኮም ድርጅቶቹም እነዚህን ጥያቄዎች አድርሱልን። አዲስ አበባ ውስጥ የሰውን እንቅስቃሴ በስልክ የሚቆጥር አለ ወይ? ካለ ማን ነው? ክሩን ስንት ቀን ያስቀምጠዋል? ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውንስ በምን ይቆጥረዋል? መልስ ካገኛችሁ በዚሁ ገጽ አውጡልን። እናቴ ኢንተርኔት ስለሌላት ወንድሜ የታተመውን ገዝቶ ያነብላታል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከብሪክስተን፣ ለንደን